ኖራ ያልነካው መሬት

ታሪኬን ከመጀመሪያው ስትከታተሉ የቆያችሁ ትንሽ ታገሱኝ፤ ዛሬ ገና ለተቀላቀሉን ባጭሩ ልድገመው። ስሜ ሰርካለም ነው። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው። ፍኖተ ሰላም አንድ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፣ ባሕር ዳር ደግሞ እማራለሁ። እኩዮቼ ልጅ ሲድሩ እኔ ቦርሳ አንግቼ ዶክትሬት እማራለሁ። ከክፍል ጓደኞቼ በዕድሜ የሚቀርበኝ እንኳ በአሥር ዓመት ያንሰኛል። አማካሪዬ ዶክተር ክንፈሚካኤል ራሱ የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ኮሌጃችን ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያንቀላፋ ተማሪዬ ነበር። ዛሬም ሲደነግጥ «ቲቸር» ይለኛል።

ባለቤቴ የነበረው ሰው ከዘጠኝ ዓመት ትዳር በኋላ ጥሎኝ የሄደው ስላልወለድኩ ነው። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ቆይቶ ስለሚያስፈልጋችሁ ነው። እሱ በሄደ በዓመቱ ትምህርቱን ጀመርኩ። ሰው ሁሉ «ሐዘኗን ልትረሳበት ነው» አለ። መጀመሪያ ላይ ልክ ነበሩ። ነገር ግን ሐዘን ለመርሳት ብሎ ሰባት ዓመት ሙሉ አፈር የሚመዝን ሰው የለም። እኔ ሥራውን ወድጄው ነበር። በሕይወቴ «ይኸ የኔ ነው» ያልኩት ነገር እሱ ብቻ ነበር።

ምርምሬ ስለ መሬት መኮምጠጥ ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለው ቀይ አፈር ዝናብ ሲያጥበው ኖሮ አሲዳማ ሆኗል፤ ስንዴ ሲዘራበት ቢጫ ሆኖ፣ አጥሮ ይቀራል። መድኃኒቱ የእርሻ ኖራ ነው። ምን ያህል ኖራ ይበቃዋል የሚለውን ለማወቅ አንድ ገበሬ ማሳ ላይ አሥራ ስድስት መደብ ከፈልኩ። አራቱ ሙሉ ኖራ፣ አራቱ ግማሽ፣ አራቱ ኖራና ፍግ ያገኛሉ። የቀሩት አራቱ ምንም አያገኙም። እነዚህ ማነጻጸሪያ ናቸው፤ እነሱ ካልከሱ የሌሎቹ መወፈር በምን ይታወቃል? በዚህ ዓይነት ሦስት ክረምት መዝራትና ሦስቴ መመዘን ነበረብኝ።

ገበሬው ባዬ ነው። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፣ ሚስቱ ከሞተች ቆይቷል፣ ከእናቱ ጋር ይኖራል። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ደህና ሲዘልቅ አባቱ ሞቱና ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። የእጅ ጽሑፉ ከተማሪዎቼ ሁሉ ያምራል፤ ከእኔም ያምራል። መጀመሪያ ላይ «መምህርት» እና «እርስዎ» ነበርኩ። ችካል ስንተክል የገመዱን አንድ ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ እንይዛለን፤ ቀና ስል ዓይኑ ገመዱ ላይ የለም። የእኔም አልነበረም፤ ባይሆንማ የሱን በምን አየሁት? በአርባ ዓመቷ እንደ ኮረዳ የምትደነግጥ ሴት አይታችሁ የማታውቁ ከሆነ እኔ አለሁላችሁ።

በሁለተኛው ክረምት መንገዱ ሲዘጋና ኢንተርኔቱ ሲጠፋ በሰው እጅ ደብዳቤ መላላክ ጀመርን። ነጋዴ ያመጣልኛል፣ ቄስ ያመጣልኛል፣ አንድ ጊዜ ሬሳ ሸኝተው የሚመለሱ ሰዎች አምጥተውልኛል። አንዱን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «የእግዚአብሔር ሰላምታ ካለሽበት ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ስንዴው ደኅና ነው። እናቴም ደኅና ናት። ደኅና ያልሆነው ይህን የሚጽፍልሽ ሰው ብቻ ነው።» ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ ያለኝ በዚያ ደብዳቤ ነው። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጬ ስለነበር ፊቴን በመጽሐፍ ሸፈንኩ።

ሽማግሌ የሚልከው ግን ዶክተር ከተባልኩ በኋላ እንደሆነ ቁርጡን ነገረኝ። «ከዚያ በፊት ከሆነ ባዬ አስቀራት ይሉኛል» አለ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሃይለ ሚካኤል በበኩሉ ነገሩን ከሰማ ወዲህ በደንብ አላናገረኝም። አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገኝና ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ጡረታ እስኪወጣ ርዕሰ መምህር ነበር። «ሰው ሁሉ ሲማር ወደ ላይ ያገባል፣ አንቺ ዶክተር ሆነሽ ወደ ሞፈር?» ይለኛል። እኔ ሁለቱንም አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ በሰኔ ዲግሪውን፣ ከሰኔ በኋላ ሰውየውን።

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ።

ባለፈው ጥር ለዓይናቸው ሕክምና ባሕር ዳር የመጡ ቄስ ገብረሰንበት የሚባሉ የባዬ አገር ሰው ከጋቢያቸው ሥር የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

«ልጄ፣ ከጇ አድርሱልኝ ብሎኛል» አሉኝ። «ፊቱ በርቶ ነበር ሲሰጠኝ።»

የሦስተኛው ዓመት ምርት ነበር። እንደ አምናው ሁሉ በመንገዱ ምክንያት ልደርስ ስላልቻልኩ ባዬ በተውኩለት ሚዛን መዝኖ በአሥራ ስድስት መስመር አሰልፎ ጽፎታል። ከታች አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሯል፤ «ዘንድሮ የሚያሳፍር መደብ የለም፣ ደስ ይበልሽ።»

ቄሱ ፊት ቆሜ ደገምኩት። የሚያሳፍር መደብ ከሌለማ ማነጻጸሪያዎቹም ወፍረዋል፤ አለቀልኝ ማለት ነው። ቄስ ገብረሰንበት ዓይናቸው በደንብ ባያይም መልኬን ያዩት ይመስለኛል፤ «ደኅና ነው ወሬው?» አሉኝ። «ደኅና ነው አባቴ» አልኩና መስቀል ተሳልሜ ወጣሁ።

ዶክተር ክንፈሚካኤል ቁጥሮቹን ወደ ኮምፒውተሩ ካስገባ በኋላ ከላይ እስከ ታች ደጋግሞ አያቸው።

«ቲቸር» አለኝ።

«በለው ይውጣልህ» አልኩት።

«ማነጻጸሪያዎቹ ግማሽ ኖራ ካገኙት እኩል ናቸው። ወይ ሚዛኑ ተሳስቷል፣ ወይ ኖራ ገብቷቸዋል።»

«ኖራ ከገባቸውስ?»

«ሦስተኛው ዓመት የለም ማለት ነው። ያለ ሦስት ዓመት ውጤት ደግሞ ኮሚቴው አይቀበልም።» ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። «ጊዜዎ በሰኔ ያልቃል። ማራዘሚያውን ሁለቴ ወስደናል፣ ሦስተኛ የለም። እኔ ብችል… እኔ ብችል ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። አንድ ተጨማሪ ክረምት ያስፈልገኝ ነበር፤ አንድ ክረምት ደግሞ ማንም አይሰጠኝም። በማግስቱ ተሳፈርኩ። መራዊ ላይ ግማሽ ቀን ቆምን። ዱርቤቴ ላይ መንገዱ እስኪከፈት ሁለት ሌሊት አደርን። ዕቃ እንደተጫነበት ሰው ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ ሚዛኑ ተበላሽቶ እንዲገኝ ለጊዮርጊስ ተሳልኩ። መቼም ሚዛን ይበላሽልኝ ብሎ የተሳለ ሰው ከእኔ በፊት ያለ አይመስለኝም።

ባዬ ማሳው ዳር ሲያየኝ መጀመሪያ ሮጠ፣ ከዚያ ሰው እንዳያየው ብሎ ረገብ አደረገው። አንድ ዓመት ከመንፈቅ አልተያየንም ነበር። ጢሙ ውስጥ ሽበት ገብቷል። እጁን ዘርግቶ «በዚህ መንገድ እንዴት መጣሽ?» ሲለኝ ልቤ እንደ ድሮው ዘለለ፤ እኔ ግን ሰላምታውን ሳልመልስ «ሚዛኑን አምጣልኝ» አልኩት።

ከቡሬ የያዝኩትን የታሸገ አንድ ኪሎ ስኳር ጫንኩበት። ልክ አንድ ኪሎ። ደገምኩት፣ አንድ ኪሎ። ሚዛኑ ከእኔ የተሻለ ጤነኛ ነበር።

ወደ መደቦቹ ሄድኩ። ስንዴው ታጭዶ አጫጭር አገዳው ብቻ ቀርቷል። ከማነጻጸሪያዎቹ አንዱ ላይ ተንበርክኬ በመቆፈሪያ አፈሩን ገለበጥኩት። ኖራ እርጥበት ሲያገኘው እንደ ጠጠር እየተቋጠረ አፈር ውስጥ ይቀራል። ነጩ ነገር ገና በመጀመሪያው ቁፋሮ ወጣ። በመዳፌ ይዤ ወደሱ ዘረጋሁት።

«ይኸ ምንድን ነው?»

አጎንብሶ አየው። «ኖራ ነው።»

«ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«መቼ?»

«በግንቦት መጨረሻ። ለመጠባበቂያ ብለሽ የተውሽውን ሁለት ጆንያ።»

አልዋሸኝም፣ አልተንተባተበም። ያ ይበልጥ አናደደኝ። «አራቱንም?»

«አራቱንም።»

«ለምን?»

ወደ ጎረቤቶቹ ቤት ዞሮ አየ። ከዚያ ወደ እግሩ። «መሬቱ አሳዘነኝ» አለ።

ከባዬ አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ ውሸት ነበር፤ ስላልለመድኩት ውሸት መሆኑን አላወቅኩም።

«አሳዘነህ? ሰባት ዓመቴን አፈር አብልተህ መሬቱ አሳዘነህ? አትንካቸው ብዬ አልነገርኩህም?»

«ነግረሽኛል።»

«ለምን እንደማይነኩ አላስረዳሁህም?»

«አስረድተሽኛል። እንዲህ ይጎዳሻል ብዬ ግን…»

«ታዲያ ምን ነካህ? ተናገር እንጂ!»

በመንገድ ሦስት ቀን የዋጥኩት ሁሉ አንድ ላይ ወጣ። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አልኩት። «ዶክትሬት የሚያህል ነገር በገበሬ እጅ ያስቀመጥኩ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ እኔ ቃሉ ገና አፌ ውስጥ ሳለ ነው የቆጨኝ። የባዬ ፊት ምንም አልሆነም። ባርኔጣውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው፣ ልክ መጀመሪያ የተዋወቅን ዕለት እንዳደረገው።

«ልክ ነዎት መምህርት» አለኝ።

እርስዎ አለኝ። እንዲህ ከመባል በዱላ መመታት ይሻላል። መቆፈሪያውን እዚያው ጥዬ በእግሬ ወደ አስፋልቱ ወረድኩ፤ አንድ ጊዜ ዞር ብል እመለስ ነበር፣ ስለዚህ ዞር አላልኩም።

ፍኖተ ሰላም ጋሼ ቤት ሁለት ቀን ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ጋሼ ሃይለ ሚካኤል ወንበሩን ወደ አልጋዬ አስጠግቶ ተቀመጠ። ሲቆጣ የማውቀው ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው የፈራሁት።

«ይኸን ያህል የምታለቅሽው ለአራት ቁጥር ነው?»

«አራት ቁጥር አይደለም ጋሼ። ዲግሪው ነው።»

«እኮ፣ አራት ቁጥር ነው። ማን አየሽ? ያምናውን ወዲህ ወዲያ አድርገሽ ጻፊው። አንቺ ሰው አልገደልሽ። ሰባት ዓመት ለፍተሽ በአንድ ገበሬ ጅልነት ልትቀሪ ነው?»

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ሞክሬዋለሁ። ጋሼ ሲወጣ እርሳስ አንስቼ አራቱን ቁጥሮች ጻፍኩ። ሥራዬ ስለሆነ ትክክለኛ የሚመስል ቁጥር እንዴት እንደሚጻፍ አውቃለሁ። አንዱን ትንሽ ከፍ፣ አንዱን ትንሽ ዝቅ አደረግኩት። አምረው ወጡ። ሰኔ ታየኝ፣ ካባው ታየኝ፣ ጋሼ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ታየኝ። ከዚያ ደግሞ ሲኮርጁ ይዤ ከፈተና ክፍል ያስወጣኋቸው ልጆች ታዩኝ፤ አንዷ «ቲቸር፣ እናቴ ትሞትብኛለች» ብላ እግሬ ላይ ወድቃ ነበር፣ አልማርኳትም። ወረቀቱን ቀደድኩት። ጀግና ስለሆንኩ አይደለም። ስቀደው እንደ ሕፃን እየነፈረቅኩ ነበር።

ምሳ ላይ ለጋሼ ነገርኩት። ጉርሻውን አስቀመጠ።

«ሞኝ ነሽ» አለኝ። «ያ ሰው አውቆ ነው ያደረገው። ዶክተር የሆነች ሴት እሱ ጭቃ ቤት እንደማትገባ ያውቃል። ክንፏን ልስበርና ትቅርልኝ ብሎ ነው።»

«አይደለም!»

ቶሎ ነው ያልኩት። በጣም ቶሎ። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ እንደ እሾህ ገብቶ ተቀመጠ፤ ስበላም ስተኛም ይወጋኛል።

ቅዳሜ ዕለት ከኮሌጁ ስወጣ በሩ ላይ አንዲት አሮጊት ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው አገኘኋቸው። የባዬ እናት እማማ እታለም ናቸው። ከሰባ አልፈዋል፤ በዚህ መንገድ ከቡሬ ወዲያ ተነስተው ለብቻቸው መምጣታቸውን ሳይ የሆነ ነገር ሆኗል ብዬ ክው አልኩ።

«ባዬ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። አይበላም እንጅ ምንም አልሆነ» አሉ። «አንች ልጅ፣ እሱ መምጣቴን አያውቅም። ገበያ ነው ብየ ነው የወጣሁ። ልጄ አይናገርም፤ እኔ ልናገርና ይውጣልኝ።»

ግንቡ ሥር ጥላ ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ውሃ ሰጠኋቸው፣ አልጠጡም።

«አምና የጊዮርጊስ ማኅበር እጅጉ ቤት ነበር» ብለው ጀመሩ። «እጅጉን ታውቂው የለ፣ ከማሳችን በላይ ያለው ጎረቤታችን? ጠላው ሞቅ ሲያደርጋቸው ያንችን መደቦች አነሱ። ያችን ኖራ የሌላትን፣ ቢጫዋን። እጅጉ ተነስቶ…» ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አደረጉ። «ይቅር በይኝ ልጄ።»

«ይንገሩኝ።»

«ያች መደብ መምህርቷን መሰለች አለ። ታረሰች፣ ተዘራች፣ አላፈራች አለ። ሳቁ። ቤቱ ሙሉ ሳቀ።»

ተማሪዎች እየሳቁ በአጠገባችን ያልፋሉ። አንዷ «ቲቸር ደኅና ይዋሉ» አለችኝ። እኔም ደኅና ዋይ አልኳት።

«ከዚያ ወዲያ ስሙ ተጣብቆ ቀረ። አራቱንም የመምህርቷ ይሏቸዋል። እረኛው ከብት ሲመልስ ከመምህርቷ አስወጣ ይላል። ሴቱም ውኃ ሲቀዳ በመምህርቷ በኩል ነይ ይላል። ባዬ ያን ለት ዋንጫውን ሳይጨርስ መጥቶ ዱላ ሊያነሳ ሲል እግሩ ላይ ወደቅሁ። ሰው ብትመታ ነገሩ አገር ለአገር ዞሮ ከጆሮዋ ይደርሳል አልሁት። እሽ አለኝ። በግንቦት ጆንያውን ሲሸከም አየሁት። እናቴ፣ ዘንድሮ መሬቷ ታፈራለች፣ አፋቸውን ይይዛሉ አለኝ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«ብየዋለሁ። ስድቡን ከእኔ አፍ ትስማው ወይ አለኝ።»

እማማ እታለም እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። እኔ የኮሌጁ መምህርት፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ፣ በሩ ላይ ጮክ ብዬ አለቀስኩ። ሰድቤዋለሁ። ስድቤን ዝም ብሎ ጠጥቶ የሰው ስድብ እንዳይደርሰኝ ሲከላከልልኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ለዶክተር ክንፈሚካኤል ደወልኩ። አሥራ አንድ ጊዜ ከተቋረጠ በኋላ ገባ።

«ኖራ ነው» አልኩት። «አራቱም ገብቷቸዋል። በጽሑፍ እልካለሁ።»

«ቲቸር፣ እስቲ ሌላ መንገድ ካለ…»

«የለም ክንፌ» አልኩት። ተማሪዬ እያለ እንደምጠራው ነው የጠራሁት። ከወዲያ በኩል ትንፋሹ ብቻ ይሰማል። ማልቀሱን እንዳልሰማ ብዬ ቶሎ ዘጋሁት።

ለኮሚቴው ገጽ ተኩል ጻፍኩ። የሦስተኛው ዓመት ውጤት እንደማያገለግል፣ ምክንያቱም ተመራማሪዋ በቦታው ተገኝታ ስላልተቆጣጠረች መሆኑን ገለጽኩ። የባዬን ስም አላነሳሁም። ፈርሜ ፖስታውን ሳሽገው ሰባት ዓመት እንዲህ ቀላል መሆኑ ገረመኝ፤ ከአንድ ቴምብር በላይ አልፈጀም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከቡሬ በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ። ባዬ ማሳው ውስጥ ችካሎቹን እየነቀለ ይከምራል። ሲያየኝ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ለበልግ ላርሰው ነበር» አለ። «ሌላ ካላዘዙኝ በቀር።»

«እናትህ መጥተው ነበር» አልኩት።

የያዘውን ችካል ጣለው። መሬት ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። «እንዳትሰሚው ብየ ነበር» አለ ከባርኔጣው ውስጥ። «ያን ሁሉ ያደረግሁት እንዳትሰሚው ብየ ነበር።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ባዬ፣ መካን መባልን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባሌ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከእጅጉ አፍ ብሰማው አልሞትም ነበር። የሞትኩት ባለመስማቴ ነው።»

«ትምህርትሽስ?»

«አለቀ።»

«አልቆ ዶክተር ነው ወይስ…»

«አለቀ፣ ባዬ።»

ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አልችልም፤ እጁን ከባርኔጣው አላቅቄ ያዝኩት። ሻካራ፣ የሞቀ እጅ ነው። ቀና አለና ዓይኔን አየ፤ ያን የገመዱን ዕለት አስተያየት። «ይቅር በይኝ» አለኝ። «አንች ይቅር ካልሽኝ እግዜርም ይለኛል።»

«ገበሬ ብዬ ሰድቤህ የለ? ተቻችለናል።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለሁለት ሳምንት ያልሳቀ ሰው ሲስቅ ደረቱን እንደሚያመው ያን ዕለት አወቅኩ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ደስታ ይዞኝ ነበር፤ ዲግሪው ቀረ፣ ሰውየው ግን አለ፣ እጁ በእጄ ውስጥ አለ። «እንግዲህ ሽማግሌ ላክ» አልኩት። «ወደ ታች አገባች የሚያሰኝ ከፍታ የለኝም። ጋሼም አፉን ይይዛል።» ደስታዬ ምላሴን ፈታውና ቀልድ አስመስዬ ጨመርኩበት፤ «ጋሼማ ምን እንዳለ ታውቃለህ? አውቆ ነው፣ ዶክተር እንዳትሆንና እንድትቀርለት ብሎ ነው ያበላሸው አለኝ።»

እንዲስቅ ጠበቅኩት።

አልሳቀም። እጁ በእጄ ውስጥ ሳለ ከበደ።

«አንድ ጊዜ» አለ።

«ምኑን ነው አንድ ጊዜ?»

«ሦስቱን መደብ ስበትን የሚታየኝ የእጅጉ አፍ ነበር። በዳዊት እምልልሻለሁ፣ ሌላ ነገር በልቤ አልነበረም።» ድምፁ ዝቅ አለ። «አራተኛው ላይ ስደርስ ጆንያው ከብዶኝ አረፍሁ። ያን ጊዜ አትንካቸው ያልሽኝ ትዝ አለኝ። ምናልባት ትምህርቷን ይጎዳው ይሆን አልሁ። ልቤ ደግሞ… ልቤ፣ ቢጎዳውስ አለኝ። ዶክተር ካልሆነች ከባሕር ዳር ትመለሳለች፣ አትሄድብህም አለኝ።»

«ከዚያስ?»

በሌላ እጁ ወደ አራተኛው መደብ አመለከተ።

«ተነስቼ በተንሁት።»

«የለም፣ በፍጹም» ቢለኝ አምነው ነበር። አምኜው፣ አግብቼው፣ እዚያ ጭቃ ቤት ውስጥ አርጅቼ እሞት ነበር። ለአራት ቁጥር ያልዋሸሁት እኔ በዚያች ሰዓት አንድ ውሸት ለመንኩት፤ በዓይኔ ለመንኩት።

«ለምን ነገርከኝ?» አልኩት።

«ጠየቅሽኝ» አለ። «አንችን አልዋሽም። አንድ ጊዜ መሬቱ አሳዘነኝ ብየ ዋሽቸሽ ይኸው እንቅልፍ አጣሁ።»

እጄ አሁንም በእጁ ውስጥ ነበር። ማውጣት እንዳለብኝ አውቄ ማውጣት አልቻልኩም። ሦስቱን መደብ ከልቤ ይቅር ብዬው ነበር፤ ሦስቱ የፍቅሩ ነበሩ። አራተኛው ግን አንጀቴ ላይ ተቀመጠ። ጠላሁት፤ በሕይወቴ ማንንም እንደዚያ ጠልቼ አላውቅም። ደግሞም እየጠላሁት፣ በዚህ ሁሉ አገር የማለቅስበት ሌላ ትከሻ እንደሌለኝ ገባኝና እዚያው ትከሻው ላይ ወድቄ አለቀስኩ።